የአያ ታምሬ ድመት ለምን ጢም አበቀለች

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የወረደ ሰው ሁሉ ስለ ረኃቡ የሚናገረው አያጣም። እኔም አላጣም። ይሁንና ዕድሜዬ ገፍቶ ወደ ኋላ ስመለከት፣ ከዚያ ክፉ ዓመት ሁሉ ቀድሞ ፊቴ ላይ ድቅን የሚለው በገዳሪፍ ከተማ ዳር፣ ከአንድ የኒም ዛፍ ሥር፣ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ስለ ድመት ጢም ያደረግነው ክርክር ነው። ለሰሚው ቀልድ ይመስላል። በዚያን ጊዜ ግን ከክርክሩ ጀርባ አንድ ስልቻ ዘር ነበረ፤ እንግዲህ ነገሩን ከመነሻው ላውጋችሁ።

እኔ አንዳርጌ እባላለሁ። ሸኸዲ ከተማ የአንደኛ ደረጃ የሳይንስ መምህር ነበርሁ። ድርቁ ሲበረታ ተማሪዎቼ ከወላጆቻቸው ጋር ድንበር እየተሻገሩ አለቁ። በኅዳር ወር አንድ ማለዳ ክፍል ስገባ ሦስት ልጆች ብቻ ተቀምጠው አገኘሁ፤ በሳምንቱ እነርሱም ቀሩ። እኔም በሩን ቆልፌ ተከተልኋቸው። ገዳሪፍ ላይ ሙሐመድኑር የሚባሉ የጎንደር ተወላጅ ነጋዴ በእህል መጋዘናቸው አስጠጉኝ። ጧት ጧት የማሽላ ጆንያ አፍ እሰፋለሁ፤ ከቀትር በኋላ የስደተኛ ልጆች ሰብስቤ ከመጋዘኑ ጎን ራኩባ በሚሏት የሳር ዳስ ሥር ፊደል አስቆጥራለሁ።

በጥር ወር አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ጠጉሬን ልስተካከል ወደ አደም ሄድሁ። አደም ገዳሪፍ የተወለደ የጎንደሬ ልጅ ነው። ሱቅ የለውም፤ ከኒሙ ሥር አንዲት ወንበር፣ ከግንዱ ላይ የተንጠለጠለች መስታወት፣ መቀስና ምላጭ፣ ሥራ ቤቱ ይኸው ነው። ተራዬን ስጠብቅ አንድ ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ ጆንያ ደረታቸው ላይ ታቅፈው መጡ። ጆንያው ይንቀሳቀሳል።

«እንደምን አረፈዳችሁ ልጆቼ» አሉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንደምን አረፈዱ አባቴ» ብለን ተነሣን።

አደም ወንበሩን እያራገፈ፣ «ያ ዐሚ፣ አረፍ ይበሉ። መምህሩ ተራውን ይለቅልዎታል። ልላጭዎ ወይስ ላሳጥርልዎ?» አላቸው። እሱ ሽማግሌውን ሁሉ እንደ ሱዳኖቹ «ያ ዐሚ»፣ አጎቴ፣ ነው የሚል።

«የእኔን አይደለም» አሉና ጆንያውን ገለጥ አደረጉ። አንዲት ግራጫ ድመት አንገቷን ብቅ አደረገች። «የሷን ጢም ነው። ከሥሩ አድርገህ ቁረጥልኝ። እኔ እንዳልቆርጣት ትወራጫለች፤ ዓይኗን እንዳልወጋት ፈራሁ።»

አደም ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «እኔ የሰው ነው የምላጭ፣ ያ ዐሚ። በዚህ መቀስ ድመት ቆርጬ ነገ የሐጂዎቹን ጢም እንዴት እነካለሁ?» አለ።

እኔ ዝም ማለት አልቻልሁም። መምህርነት ክፉ ልማድ ነው፤ ጥያቄ ባልቀረበበት ቦታ መልስ ያስቸኩላል።

«አባቴ፣ ድፍረት አይሁንብኝና፣ ስምዎን ማን ልበል?»

«ታምሬ ነኝ። የቋራ ሰው።»

«አያ ታምሬ፣ ጢሟን ለምን ያስቆርጣሉ?»

ሽማግሌው ወንበሩን ትተው ከዛፉ ሥር ተቀመጡና ድመቷን ጉልበታቸው ላይ አደረጓት። «ሁለት ነገር አለው፣ ልጄ። አንደኛ፣ የድመት ጢም ከምግብ ጋር የዋጠ ሰው ሳል ይይዘውና መንምኖ ይሞታል። ይህን በእኛ አገር የማያውቅ የለም። ሁለተኛ፣ ጢሟ ያልተቆረጠ ድመት ቤት አትለምድም። ይህችን የሰጠችኝ ባሕሪያ ናት፣ የምኖርበት ግቢ ባለቤት። እናቷ እዚያው ከባሕሪያ ቤት ስላለች ወደዚያ እየሮጠች አስቸገረችኝ። እኔ ደግሞ ከጎጆዬ እንድትውልልኝ እፈልጋለሁ፤ የምትጠብቀው አላት።»

«ምን ትጠብቃለች?»

«ዘር» አሉ።

ስለ ዘሩም ያን ዕለት ነገሩን። አያ ታምሬ ከቋራ ሲነሡ ቤታቸው የቀረው አንድ ስልቻ የዘር ማሽላ ብቻ ነበር። አባታቸው ከአባታቸው የወረሱት፣ ከሌላው ማሽላ ሁሉ ቀድሞ የሚደርስ ዘር ነው። አሥራ አንድ ቀን በእግር ሲጓዙ እሳቸውና ባለቤታቸው ማሬ ቅጠል ቀቅለው በሉ፤ ስልቻውን ግን አልፈቱም። ጓንግ ወንዝ ሲደርሱ ማሬ አቅም አጣች። እሳቸው ስልቻውን ሊፈቱ ሲሉ እጃቸውን ያዘቻቸው። «ይህን ከበላን የምንመለስበት የለንም» አለቻቸው። በማግሥቱ ከወንዙ ማዶ ቀበሯት።

ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው አልተለወጠም። አደም መቀሱን ወንበሩ ላይ አኖረና ወደ ሌላ አየ።

«እንግዲህ» አሉ አያ ታምሬ፣ «ስልቻው ከጎጆዬ ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል። የገዳሪፍ አይጥ ግን እንደ አገራችን አይጥ አይደለም፤ ገመድ ይወጣል። ለዚህ ነው ድመቷን የፈለግሁ።»

«አያ ታምሬ፣ እንደሱ ከሆነማ ጢሟን በፍጹም አይንኩባት» አልሁ። «አይጥ የምትይዘው በጢሟ ነው።»

አያ ታምሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «አይጥ የምትይዘው በጥርሷ መስሎኝ።»

«ጥርሷ ይነክሳል፤ የት እንደሚነክስ የሚነግረው ግን ጢሟ ነው። ሥሩ ከሌላው ጠጉሯ ይልቅ ጠልቆ የተተከለ ነው፤ ዙሪያውንም ስሜት የሚያደርስ ጅማት ከቦታል። ነፋስ ሽው ሲል ታውቃለች። በጨለማ ግድግዳው ሳይነካት መቅረቡን ታውቃለች። ጠባብ ቀዳዳ ስታገኝ ጢሟ ከጎንና ከጎን ከነካ ሰውነቷ እንደማያልፍ ትረዳለች።»

«እሺ። ጢም ለወንድ ክብር ነው። ይህች ሴት ናት። ሴት ድመት ጢም ያወጣችው ለምንድን ነው?»

«ለክብር ቢሆን ኖሮ ወንዱ ብቻ ያወጣ ነበር። ለሥራ ስለሆነ ሁለቱም አወጡ።»

አደም ሳቀ። አያ ታምሬ ግን አልሳቁም። «ልጄ» አሉ፣ «አያቴ የድመቱን ሁሉ ጢም ይቆርጡ ነበር። አባቴም ይቆርጡ ነበር። ጎተራችን ሙሉ ነበር፤ አይጥ አልጨረሰንም።»

«ስንት ድመት ነበረዎ?»

«ሰባት ስምንት አይጠፋም።»

«ስንት ጎተራ?»

«ሦስት።»

«እንግዲያ ከሦስት ጎተራ ጥቂት ቁና አይጥ ቢበላ ማን ያውቀዋል? ከስምንት ድመት አምስቱ ቢስቱ ሦስቱ ይይዛሉ። በጥጋብ ዘመን ስሕተት ይሸፈናል፣ አያ ታምሬ። ዛሬ ያለዎት አንድ ድመትና አንድ ስልቻ ነው።»

ሽማግሌው ድመቷን ወደ ጉልበታቸው ሳብ አደረጓት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «የተማርህ ሰው ነህ። ይህን ሁሉ ካወቅህ ዝናቡ እንደሚቀር አስቀድመህ ለምን አልነገርኸንም?»

አደምም ሽበታቸውን አክብሮ መቀሱን አነሣ። የጉንጯን ጢምና ከዓይኖቿ በላይ ያሉትን ረጃጅም ጠጉሮች ቆርጦ ጨረሰ። አያ ታምሬ መርቀውት ድመታቸውን ታቅፈው ሄዱ።

ዛሬ ሳስበው ጥፋቱ የሳቸው ብቻ አልነበረም። ሚስቱን ከወንዝ ዳር ቀብሮ ለመጣ ሰው እንደ አራተኛ ክፍል ተማሪ ነበር ያስተማርሁት። እውነት የያዘ ሰው እውነቱን የሚያቀርብበትን መንገድ ካላወቀ፣ በር እያንኳኳ ራሱ በሩን ገፍቶ እንደሚይዝ ሰው ነው።

ሦስት ሳምንት አለፈ። የካቲት መግቢያ ላይ ጆንያ ስሰፋ አያ ታምሬ ወደ መጋዘኑ መጥተው በሩ አጠገብ ቆሙ። ከሲታ ፊታቸው ይበልጥ ከስቷል።

«ይግቡ፣ አያ ታምሬ። ደኅና አይደሉም?»

«ስልቻው ተቀደደ» አሉና ጆንያ ላይ ተቀመጡ። «ከሦስት እጅ አንዱ ሄደ።»

ውኃ ቀድቼ ሰጠኋቸው። ጠጡና እንዲህ አሉ፦ «ድመቷ ከሥሩ ነበረች። ትዘላለች፣ ትስታለች። እኔ ደግሞ ሰነፍ ናት ብዬ መታኋት። ባሕሪያ ሰምታ ተቆጣችኝ። የመጣሁበትም ጉዳይ፣ ሙሐመድኑር ሌላ ድመት እንዳላቸው ጠይቅልኝ ብዬ ነው። ይህችን ልጥላት ነው።»

«አስቀድመን ስልቻውን ሌላ ነገር ውስጥ ብናደርገውስ? ክዳን ያለው በርሜል ብንፈልግ?»

«በርሜሉ ሁሉ ውኃ ተይዞበታል። ቢገኝም ዘር ቆርቆሮ ውስጥ ይታፈናል፤ ያልበውና አይበቅልም። ይህን እኔ ነኝ የማውቅ።»

በዚህስ እውነታቸውን ነበር። እኔም በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር ገባኝ፤ አያ ታምሬ የማያውቁ ሰው አልነበሩም። ስለ ዘር፣ ስለ አፈር፣ ስለ ደመና እኔ በዕድሜዬ የማልደርስበትን ያውቁ ነበር። ሰው በሚያውቀው ነገር ከተከበረ፣ የማያውቀውን ለመስማት ጆሮው ይከፈታል።

«አያ ታምሬ» አልሁ፣ «ስለ ዘሩ እርስዎ ያሉት ልክ ነው። ስለ ድመቷ ግን እኔን አይመኑኝ፤ በዓይንዎ ይዩ። ድመትዎንም፣ እናቷን የባሕሪያን ድመትም ይዘን እዚህ እንምጣ። በሩን ስንዘጋው መጋዘኑ በቀትርም ጨለማ ነው፤ አይጥም ሞልቷል። ሁለቱንም እንልቀቃቸውና የሚሆነውን እንይ።»

ጥቂት አሰቡ። «ይሁን» አሉ። «ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ድመት ትፈልግልኛለህ።»

በማግሥቱ ባሕሪያ እናቲቱን ድመት ራሷ ታቅፋ መጣች። ባሕሪያ ባሏ የሞተባት፣ ሻይ ቅጠልና ስኳር ቸርቻሪ ሴት ናት፤ ቁጡ ብትሆንም ግቢዋን ለስደተኛ ከፍታ ኪራይ አትጠይቅም ነበር። «አያ ታምሬ» አለቻቸው፣ «በእኛ ሃይማኖት ድመት ንጹሕ ናት፤ ከቤተሰብ ትቆጠራለች። ጢሟን እንደሚቆርጡ ባውቅ ኖሮ ባልሰጠሁዎ።»

«ያገራችን ልማድ ነው፣ ባሕሪያ።»

«እኔም እኮ የዚያው አገር ሰው ነኝ።»

ሁለቱን ድመቶች ወደ ውስጥ ለቀን በሩን ዘጋንና ከደጅ ተቀመጥን። ብዙ አልቆየንም። ከጆንያዎቹ መካከል ኮሽታ፣ ቀጥሎም አንዲት የታፈነች ጩኸት ሰማን። በሩን ገርበብ ሳደርገው እናቲቱ አይጥ በአፏ ይዛ ወጣች፤ የያዘችው ልክ ከማጅራቱ ላይ ነው። ቀጥ ብላ ወደ ባሕሪያ እግር ሄደች።

ልጅቱን ጠበቅን። ሩጫ ይሰማል፤ ዝላይ ይሰማል፤ አንድ ነገር ከጆንያ ጋር ሲጋጭ ይሰማል። ደግሞ ሩጫ። በመጨረሻ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትሁት። ድመቷ ወጣች፤ ፊቷ የሸረሪት ድር ለብሷል፣ አንደኛው ዓይኗ ያለቅሳል፣ በአፏም የጆንያ ክር አለ።

አያ ታምሬ አነሷት። ድሩን በኩታቸው ጫፍ ከፊቷ ጠረጉላት።

«አያ ታምሬ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ዓይንዎን ይጨፍኑልኝ» አልሁ።

ጨፈኑ። ከመሬት አንድ ገለባ አንሥቼ ከንፈራቸውን ሳልነካ የሪዛቸውን ጫፍ ብቻ በቀስታ ነካሁ።

«ምን ተሰማዎት?»

«ሪዜን ነካኸኝ።»

«ጠጉር ራሱ ስሜት የለውም፤ ስንቆርጠው አያመንም። ነገር ግን ጫፉ ሲነካ ሥሩ ያውቃል። የእርስዎ ሪዝ ይህን ካወቀ፣ የእሷማ ስንት እጥፍ ያውቃል። አሁን ደግሞ ይህን ያስቡት። ድመት ራቅ ብሎ የሚንቀሳቀሰውን አጥርታ ታያለች፤ ከአፍንጫዋ ሥር የገባውን ግን ዓይኗ በደንብ አያየውም። አይጥ ላይ ስትዘል ጢሟን ወደ ፊት ትዘረጋዋለች፤ እንደ እጅ ጣት ማለት ነው። አይጡ በየት እንደዞረ፣ ማጅራቱ የት እንደሆነ የሚነግራት እሱ ነው። ከዓይኖቿ በላይ የነበረው ደግሞ ገለባ ወይም ድር ሲነካው ዓይኗን ቶሎ ያስጨፍናታል። አደም እሱንም ቆረጠው፤ ዓይኗ የተጎዳው ለዚህ ነው።»

«እንዲያው እንደ ዓይነ ሥውር በትር ነው ትለኛለህ።»

«ከዚህ የተሻለ እኔም አልተናገርሁም።»

አያ ታምሬ ድመቷን እየደባበሱ ቆዩ። «ታዲያ ከቆረጥኋት በኋላ ወደ እናቷ መሄድ ተወች። ቤት ለመደች ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

«ቤት አልለመደችም፣ አያ ታምሬ። መንገዱ ጠፍቷት ነው። ፈርታ ነው የተቀመጠች።»

ይህ ቃል ከሁሉ ይልቅ ነካቸው። በኋላ እንደነገሩኝ፣ ራሳቸውን ነበር ያሰቡት፤ ማሬ ከሞተች ወዲህ እሳቸውም ከጎጇቸው ብዙ አይርቁም ነበርና። «በደልሁሽ» አሏት ድመቷን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ሳሉስ?» አለች ባሕሪያ፣ ወደ እኔ ዞራ። እሷም ይህን ከልጅነቷ ሰምታው ኖሯል።

«የወደቀ ጢም ዋጥሁ ብሎ የሞተ ሰው እኔ አላውቅም» አልሁ። «ሰው የሚያስለው በጭስ ነው፣ በአቧራ ነው፣ በተፋፈገ ቤት አንዱ ካንዱ በሽታ ሲቀበል ነው። ደግሞስ ጢም ብቻ ነው ከምግብ የሚገባው? ዝንብም ይገባል፣ የአይጥ ኩስም ይገባል። መድኃኒቱ ድስቱን መክደን ነው። ክዳን ያለው ድስት ድመትም አይጥም ዝንብም ይከለክላል።»

«ጢሟስ ተመልሶ ይወጣል?» አሉ አያ ታምሬ።

«ይወጣል። ሥሩ አለ። ሁለት ወር፣ ቢበዛ ሦስት ይፈጃል።»

«እስከዚያ ድረስ እናቲቱ ከርስዎ ጎጆ ትደር» አለች ባሕሪያ። «ልጅዋም ከሷ ጋር ትሁን።»

እንዲሁም ሆነ። እኔ ስልቻውን ሰፋሁ፤ አያ ታምሬ ዘሩን ፀሐይ አስመትተው መልሰው ሞሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ በኋላ ወደ ባሕሪያ ግቢ መሄድ ልማዴ ሆነ። አያ ታምሬ ድመቷን ወደ ብርሃን አዙረው ጢሟን ይለካሉ። «ዛሬ የገብስ ቅንጣት ታህላለች» ይላሉ። ሌላ ቀን «ግማሽ ጣት ደርሳለች» ይላሉ። ያን ጊዜ የምንበላው በቀን አንድ ጊዜ ነበር፤ በእርዳታ የሚሰጠንን የማሽላ ገንፎ። ነገር ግን በሕይወቴ እንደዚያ ያለ የጨዋታ ሰዓት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላገኘሁም። እሳቸው ስለ ቋራ አፈር ይነግሩኛል፣ እኔ ከመጽሐፍ የማውቀውን እነግራቸዋለሁ፤ ባሕሪያ ከሱቋ ደጅ ሆና ሁለታችንንም ታርመናለች። ድመቷ በሚያዝያ አጋማሽ የመጀመሪያ አይጧን ይዛ አያ ታምሬ እግር ሥር ስትጥል፣ ሽማግሌው ከጎጆ ጎጆ እየዞሩ ለሰው ሁሉ አሳዩ። ከዚያ ወዲያ በግቢው ጢም የሚቆርጥ ሰው ካለ የሚከራከሩት እሳቸው እንጂ እኔ አልነበርሁም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃም ባልከፋኝ ነበር። ግንቦት ውስጥ ግን ይህ ሆነ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከአያ ታምሬ ጋር ስንጫወት፣ አሰፋች የምትባል ወጣት ሴት የሁለት ወር ሕፃን ታቅፋ መጣች። ከዚያው ግቢ ናት፤ ባሏ ቁረይሻ በሚባል ቦታ እርሻ ላይ የቀን ሥራ ይሠራል። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«አያ ታምሬ፣ ልጄ ጡት አልይዝ አለችኝ። ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች፣ ደረቷ ይጮሃል። እንጥሏ ወርዶ ነው አሉኝ። እጅዎ የተባረከ ነው፤ በቋራ ወደ እርስዎ የማይመጣ ሰው አልነበረም ሲሉ ሰማሁ። ይቁረጡልኝ።»

እኔ ደነገጥሁ። አያ ታምሬ እንጥል ቆራጭ እንደነበሩ እስከዚያ ቀን አልነገሩኝም። ተነሥተው እጃቸውን ታጠቡ፤ ከጎጇቸውም በጨርቅ የተጠቀለለ ቀጭን ቢላዋ አወጡ። ልናገር አፌን ከፈትሁ፤ ከዚያም ኒሙ ሥር የሆነውን አስቤ ዘጋሁት።

ሕፃኗን ተቀብለው ወደ ብርሃን አዞሩ። አፏን በጣታቸው ከፍተው ውስጡን አዩ። ብዙ ጊዜ አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«መምህር፣ እንጥል ለምን ተፈጠረ?»

የማውቅ መምሰል እችል ነበር። «አያ ታምሬ፣ እኔ ስማር ይህን አላስተማሩኝም። አላውቅም» አልሁ።

«እኔም አላውቅም» አሉ። «ሠላሳ ዓመት ቆርጫለሁ፤ አላውቅም። አንተ ካላወቅህ፣ እኔም ካላወቅሁ፣ ታዲያ ቢላዋውን ማን አዘዘው?»

አሰፋች ግራ ገብቷት፣ «አያ፣ ልጄ ልትሞትብኝ ነው እኮ» አለች።

«ስሚኝ፣ ልጄ» አሉ አያ ታምሬ። ሕፃኗን መልሰው ሰጧትና ከፊቷ ተቀመጡ። «የቆረጥኋቸው ብዙዎቹ ዳኑ። እጄ ተባረከ ተባለ። ምናልባት ባልቆርጣቸውም ይድኑ ነበር፤ ማን ያውቃል? ሁለቱ ግን ደማቸው አልቆም ብሎ ሞቱ። ቀናቸው ደርሶ ነው አልን። አንደኛው የማን እንደነበረ ታውቂያለሽ? የእኔና የማሬ የበኩር ልጅ ነበር። ማሬ አንድ ቀን እንኳ አንተ ነህ የገደልኸው አላለችኝም። እኔም ለራሴ አላልሁም። ይህን ሁሉ ዓመት ይዤው ኖርሁ።»

ባሕሪያ ከሱቋ ወጥታ አጠገባችን ቆማ ነበር።

«አንዲት ድመት ጢሟን ቆረጥሁና ምን እንደሠራሁ በዓይኔ አየሁ» አሉ ቀጥለው። «የድመት ጢም እንኳ ሥራ ካለው፣ ፈጣሪ በሕፃን ጉሮሮ ውስጥ ያደረገው ከንቱ ነው ብዬ አልደፍርም። ተነሺ። ሐኪሞቹ ድንኳን እንሂድ። መምህር፣ አንተ አረብኛ ታውቃለህ፤ ንገርልን።»

ሄድን። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የስደተኞች መጠለያ፣ በሐኪሞቹ ድንኳን የነበረችው ነርስ የሕፃኗን ደረት አዳመጠች፤ የሳንባ ምች ይዟታል አለች። አምስት ቀን መርፌ ወጓት። አያ ታምሬ አምስቱንም ቀን ከአሰፋች ጋር እየሄዱ ከድንኳኑ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። በስድስተኛው ቀን ሕፃኗ እንደ ቀድሞዋ አጥብቃ ጡት ያዘች። ቢላዋውን ምን እንዳደረጉት አልጠየቅሁም፤ ከዚያ በኋላ ግን አላየሁትም።

ሰኔ ገባና በቋራ ዝናብ ጣለ የሚል ወሬ መጣ። አያ ታምሬ ስልቻቸውን አወረዱ። ወደ ድንበር ከተማዋ ወደ ገላባት በሚሄደው ሎሪ ሊሳፈሩ ሲሉ የግቢው ሰው ሁሉ ሊሸኛቸው ወጣ፤ እሳቸውም እንዲህ ብለው ተሰናበቱን፦

«ያገሬ ሰዎች፣ አባቶቻችን ያወረሱን ብዙ መልካም ነገር አለ። ይህ ዘር ከነሱ ነው፤ እንደ ዓይኔ ብሌን ጠብቄዋለሁ። ነገር ግን ሁሉንም በአንድ ስልቻ አንቋጥር። እህል እንኳ ሲዘራ ይበጠራል። ለምን እንደምንቆርጥ ሳናውቅ አንቁረጥ፤ ድመታችን አይጥ ትይዝልናለች፣ ልጆቻችንም ያድጉልናል። ድስታችሁን ክደኑ። የታመመ ልጅ ለሐኪም አሳዩ። የማታውቁትን አላውቅም በሉ፤ እኔ ይህን ለማለት ስድሳ ዓመት ፈጀብኝ፣ እናንተ ቶሎ በሉት።»

ባሕሪያ አለቀሰች። ድመቷን ለሳቸው ሰጥታቸው ነበር፤ እሳቸው ግን፣ «መንገዱ ከባድ ነው፣ ከእናቷ አትለያይ» ብለው ተዉላት። እኔን ግንባሬን ሳሙኝና ወጡ።

ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። በሁለተኛው ዓመት ግን ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ፋሽጋ የመጣ ደጉ የሚባል የቋራ ጎልማሳ ሙሐመድኑር መጋዘን ሲደርስ፣ አያ ታምሬን ያውቃቸው እንደሆነ ጠየቅሁት።

«እንዴት አላውቃቸውም?» አለ። «ማሽላቸው በቅሎ ነበር። ከሰበሰቡት ለዘጠኝ ቤት ዘር አካፈሉ፤ እኛም የዘራነው ከሳቸው ነው።»

«ደኅና ናቸው?»

«ደኅና ናቸው፤ እርጅናው ነው እንጂ። አንድ ነገር ግን ተለወጡብን። ድሮ እናት ልጇን እንጥል ልታስቆርጥ ስትመጣ ይቆርጡ ነበር። አሁን እምቢ ይላሉ። ጤና ጣቢያው ከእኛ ቀበሌ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ሴቲቱ መንገዱን ፈርታ የቀረች እንደሆነ፣ በትራቸውን ያነሡና ከፊት ከፊቷ ይሄዳሉ።»